አልጠየቅኩም

«እዚያ ላይ አይቀመጡ፣ አባባ፤ እግሩ ላልቷል» አለች ቢሆንስ። ሽማግሌው ግን ተቀምጠው ነበር። ወንበሩ አንዴ ሲጥ አለና ቻላቸው። እሷ አላመነችውም፤ ሻይ ለምታዞረው ልጇ ወንበሩን በዓይኗ አሳየቻት፣ ሲወድቁ እንድትደርስላቸው።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ቢሆንስ የመዝገብ ስሟ አይደለም። የሞተው ታላቅ ወንድሟ ነው በልጅነቷ ያወጣላት፤ ቢዘንብስ፣ ቢጠፋስ፣ ባይመጡስ ከአፏ አይጠፋም ነበርና። እሷም በአጸፋው ይፈቀድልኝ ብላዋለች። አንዴ ከጎረቤት ዛፍ የወደቀች ብርቱካን ለማንሳት ፈቃድ ሊጠይቅ ሄደ፤ ባለቤቲቱ መንገድ ወጥታ ኖሮ እስክትመለስ ብርቱካኗ እዚያው በሰበሰች። ሁለቱም ስሞች እስከ ሽበታቸው ተከትለዋቸው መጡ።

ሐዘኑስ ሐዘን ነው፤ አልቅሳዋለች። ያስፈራት ሌላ ነው፤ ቤቱን የሞሉት የማታውቃቸው ሰዎች። ወንድሟ ሚስት አላገባም፣ ጓደኛ አላበዛም፣ ዕድሜውን በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ከአሮጌ ካሴቶች ጋር ነው የጨረሰው። ታዲያ ያቺ ነርስ፣ ያ መካኒክ፣ እነዚያ መንታ አሮጊቶች ከየት መጡ? ስትጠይቃቸው ሁሉም «ይደውልልኝ ነበር» ይላሉ። በመጀመሪያው ቀን ከሳሾች ናቸው ብላ አሰበች። በሁለተኛው ቀን ሌላ ቤተሰብ ነበረው ብላ ደመደመች። በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡ ከሃያ ሰው ሲያልፍ ይሄም አላስኬድ አላት።

ነገሩን የፈቱላት ባለ ወንበሩ ሽማግሌ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የመለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ነው የመጡት። ከአርባ ዓመት በፊት፣ አሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚነግሩትን ተረት ከቤት ቤት እየዞረ በካሴት ያስቀዳ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ሊወጣ ነው። አለቃው ካሴቱ የእኛ፣ ተረቱ ያረጀ፣ ማን ይጠየቃል ብሎ ነበር። ይፈቀድልኝ ግን ካሴቱ የቤተ መጻሕፍቱ ቢሆንም ድምፁ የተናጋሪው ነው፣ ተናጋሪው ከሞተ ደግሞ የልጆቹ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚያን ልጆች በስልክ ሲያፈላልግ ከረመ። የልብስ ሰፊው አባት ተረቱን የተናገሩት ሞቅ ብሏቸው ስለነበር፣ ልብስ ሰፊው አይወጣም ብለው ቁርጡን ነገሩት። እሱም ተቀበለ፤ ግን ምናልባት ሐሳብዎን ቢቀይሩ እያለ በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ይደውላል። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጨርቅ ጥራት፣ ስለ ጎረቤት ግማሽ ሰዓት ያወራሉ። መጨረሻ ላይ እምቢ ይሉታል።

«ሠላሳ አንድ ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ» አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ። «ከእንግዲህ ማንን ነው እምቢ የምለው?»

ቤቱ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፣ ከዚያ በሜትራቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ የወንድሟ የሥራ ባልደረባ መጣች፤ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጠው ሴት ናት። ብብቷ ሥር ማኅደር ይዛለች። ቢሆንስ ማኅደሩን ስታይ ልጇን ወደ ራሷ ጠራቻት፤ ለቅሶ ቤት ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ደግ ነገር አያመጣም።

«ያጎደለው ነገር አለ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አለ» አለች ባልደረባይቱ። «የእርስዎ ፊርማ።»

ስብስቡ ሰኞ ይከፈታል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ካሴቶች የባለመብቶቻቸው ፈቃድ ተሟልቶላቸዋል፤ እምቢ የተባለባቸውም ተለይተው ተቀምጠዋል። ይሄን ሲሰሙ ልብስ ሰፊው ቀና አሉ። ፈቃድም እምቢታም የሌለው አንድ ብቻ ነው፣ ቁጥር አንድ። እስከ ሰኞ ካልተፈረመ የወንድሟ ዝርዝር ከቁጥር ሁለት ይጀምራል።

ቁጥር አንድ እናታቸው ናት። ያኔ ቢሆንስ ስድስት ዓመቷ፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍቱ ገና ቀጥሮት መቅረጫውን እንደ ሕፃን አቅፎ እቤት ይዞት ገባ። መጀመሪያ የሞከረው እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ቢሆንስን ስታስተኛት ነው። ቢሆንስ ያ ካሴት የተደመሰሰ መስሏት ኖራለች። የእናቷን ድምፅ ከሰማች ሃያ ስድስት ዓመት አልፏታል። እሱ የራሱን ድርሻ ፈርሟል፤ ወራሾቹ ግን ሁለት ናቸው።

«ሰዉን ሁሉ ሲጠይቅ እኔን ለምን አልጠየቀኝም?»

ባልደረባይቱ ከማኅደሩ አንድ ወረቀት አወጣች። ባለመብት ሲፈለግ እያንዳንዱ ሙከራ ከነቀኑ ይጻፋል፣ ነገ ማንም ተነስቶ ማን ጠየቀኝ እንዳይል። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ደወልኩ። ጋዝ ሸተተኝ እያለች ነበር። አልጠየቅኩም።»

«ቤቷ ሄድኩ። ልጅቷ ሩብ ሰዓት ዘግይታለች። አብረን ሆስፒታሎች ጋ ደወልን። አልጠየቅኩም።»

«ደወልኩ። ሁሉ ሰላም ነው። ሰላም መሆኑ አስግቷታል። አልጠየቅኩም።»

መንታዎቹ አሮጊቶች ተደጋግፈው ሳቁ። ቢሆንስም አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች። አሥራ አንድ ሙከራ ነው። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ጀመረችና ቆመች፤ እናትየዋ ወስዳ ራሷ አነበበችው።

«ደወልኩ። ሳሌን ሰማችው። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብላ ተቆጣችኝ። አልጠየቅኩም።»

ዕድሜዋን ሙሉ ከፈራቻቸው ነገሮች ሁሉ የደረሰው ይሄ አንዱ ነው።

ወረቀቱን መለሰችና አልፈርምም አለች። ዘንድሮ የሰው ድምፅ ሰርቀው ያላለውን ያስብሉታል፤ እማዬ ከሞተች በኋላ የሳሙና ማስታወቂያ ብትሠራስ? ባልደረባይቱ አልተከራከረችም። ፍርሃቱ እውነት እንደሆነ፣ ጨርሶ የሚያቆመው ነገር እንደሌለም አልደበቀቻትም። ግን ፈቃድ ሁሉ አንድ አይደለም ብላ ቅጹን ዘረጋችላት። ይፈቀድልኝ እህቱ የምትመርጠውን ገምቶ በእርሳስ ምልክት አድርጎበታል፤ ማዳመጥ ብቻ። ማውረድ ክልክል። ለንግድ ክልክል። አንሱልኝ ባለች ቀን ይነሳ።

ቢሆንስ አንድ በአንድ አየችው። የጎደለ ነገር ፈለገች።

«ሌሊት ሌሊት ቢዘጋስ?»

ባልደረባይቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። ቅጹን ገልብጣ ጀርባውን አሳየቻት። በዚያው እርሳስ «ሌሊት ይዘጋ ትላለች። አይቻልም በሏት» ይላል።

ቢሆንስ የእርሳሱን ጽሑፍ በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ እስቲ ልስማው አለች። ባልደረባይቱ ስልኳን አውጥታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ሰዉ ወንበሩን እያስጠጋ ለእኛም ክፈቺልን አለ፤ እሷ ግን ለወራሽ ነው እንጂ ያለ ፈቃድ ለሕዝብ ማሰማት እንደማይቻል ነገረቻቸው።

«እኛ ሕዝብ ነን?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ሃያ ሦስት ሰው ናችሁ፣ አባባ። እሱ ቢኖር ምን ይል ነበር?»

ምን እንደሚል ሁሉም ያውቃል። ድምፁን ባይሰሙ ፊቷን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

መጀመሪያ የካሴቱ ሹ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ እማዬ፤ ከአሁኗ ቢሆንስ በዕድሜ የምታንስ፣ ቅርብ፣ ሞቅ ያለች። አውሬው ፍየሏ ቤት ደጃፍ ደርሷል። አንዲት ትንሽ ልጅ አቋረጠቻት።

«በሩ ተዘግቷል?»

«ተዘግቷል።»

«ቢከፍተውስ?»

«ወንድምሽ በሩ አጠገብ ነው።»

«ቢተኛስ?»

ከማይክሮፎኑ ሥር አንድ የጎረምሳ ድምፅ «አልተኛም» አለ። እማዬ ሳቀች፤ ሳቋ ተረቱን አስረሳት። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አውሬው ያንን በር አላለፈም።

ቢሆንስ ማዳመጫውን አወለቀች። ስክሪብቶ ተቀበለች፣ ቢነጥፍስ ብላ መጀመሪያ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሞከረችው፣ ከዚያ ፈረመች።

«አሁን ክፈቺላቸው።»

እማዬ ቤቱን ሞላችው። «ቢተኛስ?» ሲባል ሳቁ ከወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። ልብስ ሰፊው ወደ ባልደረባይቱ ጠጋ ብለው የእሳቸው መልስ አሁንም እምቢ መሆኑን አሳወቋት። «ግን የሚደወለው የወሩ መጀመሪያ ሐሙስ ነው፣ ልጄ፤ እንዳትረሺ» አሏት። ወንበሩ ሲጥ አለና ቻላቸው።

ቢሆንስ የሙከራዎቹን ወረቀት ወደ ጉልበቷ ሳበችው። ከአሥራ አንደኛው መስመር በታች አንድ ባዶ መስመር ነበር። ቀኑን ጻፈች። ከዚያ በእሱ አጻጻፍ፣ በአጭር በአጭሩ ሞላችው።

«ጋዙ አልፈሰሰም። ልጅቷ በሰላም ገብታለች። ጠየቀኝ። እሺ አልኩት።»