የተገለበጠው ዙር

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰው ያጨበጭባል። ሞተር በትክክለኛው አቅጣጫ ስለዞረ ግን ያጨበጨበ ሰው ታይቶ አይታወቅም። የኮረንቲ ጥፋት የተጀመረው እዚችው ጭብጨባ ላይ ነው።

ኮረንቲ ያላት እናቷ አይደለችም፤ የመብራት ጥገና ክፍሉ ነው። ነካ ያደረጋት ሁሉ ስለሚነዘር ስሙ ወጣላት፤ እሷም ወደደችው። ከአሥራ አንዱ ሠራተኛ ዲፕሎማ የሌላት እሷ ብቻ ናት። ሥራውን የተማረችው ሽፋኑ ከተገነጠለ የመመሪያ መጽሐፍ፣ ከተጣሉ ሬዲዮኖችና ከሌሎች ሰዎች ስህተት ነው። ከአሥራ አንዱ መሃል የሚሠራው ነገር ለምን እንደሚሠራ የገባው እሷ ብቻ እንደሆነችም ለማንም አትደብቅም። አንድ ጊዜ ባለዲፕሎማውን የሥራ ባልደረባዋን፣ ወረቀቱን አንተ ያዝ፣ ገመዱን ለእኔ ተወው ብላው፣ እስከ ዛሬ እሷ ያለችበት መኪና ላይ አይወጣም።

የዚያን ቀን ቦይ የሚቆፍር ኤክስካቫተር የራሷን ሰፈር የሚመግበውን የመሬት ውስጥ ገመድ እንደ ክር በጠሰው። ገመዱ ከእሷ ዕድሜ ይበልጣል። ኃይል የሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች ድሮ የየራሳቸው ቀለም ነበራቸው፤ አሁን ሦስቱም አፈር መስለዋል። ሦስቱ ደግሞ ተራ አላቸው። ሦስት ሰዎች አንድ መዘውር ከበው ተራ በተራ ሲገፉት ማለት ነው፤ ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞራል። አምፖል ይህን አያውቅም፣ በየትኛውም ተራ ይበራል። ሞተር ግን ያውቃል።

ለዚህ ነው የቡድኑ አለቃ ጋሼ ፒንሳ አንድ የማይሻር ሕግ ያላቸው። አሮጌ ገመድ የቀጠለ ሰው ጉድጓዱን ሳይደፍን ዙሩን ያያል፤ በመለኪያ ያያል፤ መለኪያ ከሌለው ሞተር ያለው ሰው ፈልጎ አስነስቶ ያያል። «መብራት ይሸነግልሻል፣ ሞተር ጠይቂ» ይሏታል። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ይህችን ነገር ከምሳቸው በፊትም ከምሳቸው በኋላም ስለሚሏት ኮረንቲ ከእሳቸው ጋር አብራ በከንፈሯ ትላታለች።

በዚያ ቀን መለኪያው ከጋሼ ፒንሳ ጋር ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ቅርቡ ሞተር የአናጢው መጋዝ ነው፣ ሦስት መንገድ አልፎ። ኮረንቲ ሽቦዎቹን በአተኛኘታቸው ለየቻቸው፤ እርግጠኛ ነበረች። ቀጠለች፣ አሰረች፣ አስበራች። መንገዱ ሙሉ ቦግ አለ። ሱቆቹ ውስጥ ሬዲዮኖች ካቆሙበት ጀመሩ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ባለሱቋ ወጥታ ጉንጯን ሳመቻት። ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው።

«ዙሩን አየሽው?» አሉ ጋሼ ፒንሳ።

«አየሁ።»

አንድ ቃል ናት። የሥራ ቅጹ ላይም አንዲት የራይት ምልክት ናት። ከዚያ ጉድጓዱን ደፈነች።

በሦስተኛው ቀን በአናጢው ደጃፍ ስታልፍ፣ ሰውዬው ሽፋሽፍቱ ላይ ሳይቀር ሰጋቱራ ተሸክሞ ወጣ። «እናንተ ልጆች፣ መጋዜን ወደ ኋላ አስኬዳችሁት እኮ» አላት። «እንጨቱን ሊቆርጠው ሳይሆን ሊያባብለው ተነስቶ ነበር።» ሁለት ሽቦ ቀያይሮ ራሱ እንዳስተካከለው፣ ይህንንም ለአለቃዋ እንዳትነግርበት፣ አለበለዚያ ሽቦ ነካህ ብለው እንደሚቆጡት አጫወታት። ኮረንቲ ሳቀችለት። ሳቁ ግን ከጥርሷ አልፎ አልወረደም።

እዚያው ደጃፍ ላይ ቆማ ዙሩን እንደገለበጠችው አውቃለች። የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዋ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለዲፕሎማዎቹ ደግሞ እግሯ የሚንሸራተትበትን ቀን እንደ ደመወዝ ቀን ነው የሚጠብቁት። ስለዚህ ለራሷ ምክንያት አበጀች፦ ሞተር ያለው ሁሉ ዓይን አለው፣ እንደ አናጢው አይቶ ያስተካክላል፣ ማንም አይጎዳም። ዓይን የማያየው ሞተር እንዳለ ግን ረሳች ቢባል ውሸት ነው። ትዝ ብሏታል። የሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ ስልሳ ሜትር መሬት ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ወደየት እንደሚዞር ያየው የለም። ወደ ኋላ ሲዞርም ውሃ ማንሳቱን ጨርሶ አይተውም፤ ከሚሰጠው ሲሶውን እየሰጠ፣ እያቃሰተ ይቀጥላል። ትዝ ሲላት እርምጃዋን አፈጠነች፤ ሐሳብ እግር ያለው ይመስል።

ፓምፑን አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቁት አባባ ቫልቭ ናቸው። የየመንገዱን ቫልቭ በተራ እየከፈቱ እየዘጉ ስለኖሩ የክርስትና ስማቸውን የሚያስታውስ ከሚስታቸው በቀር የለም። ኮረንቲ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች በራቸው ላይ ስትንጎራደድ አይተው፣ ሥዕል ከሆነ የምትፈልጊው ነይ ግቢ ብለው፣ በስዊቹ ሳጥን በር ላይ የተለጠፈውን የሽቦ ሥዕል በደብተሯ እንድትገለብጥ ፈቅደውላታል። ሦስት ሽቦ ሞተር እንዴት እንደሚያዞር የገባት እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ነው።

ውሃው ከቀጠነ በኋላ አባባ ቫልቭ እቤቷ መጡ። ግቡ ስትላቸው አልገቡም፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ድምፁ ተለውጦብኛል» አሉ። «ወይ ፓምፑ ታሟል፣ ወይ ጆሮዬ አርጅቷል። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ መጥተሽ ስሚልኝ።»

«ጉድጓዱ ነው አባባ» አለች፣ የጫማዋን ክር እየፈታች። «ውሃው ወርዷል። በየቦታው እየደረቀ ነው።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁ ያው ነው።»

አባባ ቫልቭ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። እሳቸው እንኳ ሌላ ነገር መስሏቸው እንደነበር፣ ሰው ሲያረጅ ግን ለጆሮው ማመን እንደሌለበት ተናግረው፣ ስላደከሟት ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ክሩ ከተፈታ ቆይቷል፤ ኮረንቲ ግን አሁንም አጎንብሳ ነበር።

እናቷ ከጓዳ ሰምታለች። ጀሪካን ተሸክማ ሦስት ፎቅ መውጣት ከጀመረች ወዲህ ምላሷ ከልጇም ብሶ ነበር፤ ኮረንቲ ምላሷን ከየት እንዳመጣችው የሚጠይቅ ሰው እናትየዋን አያውቅም ማለት ነው። ሽማግሌው ውሃውን ለላይኛው ሰፈር እንደሚለቅ፣ አለበለዚያም ተኝቶ እንደሚውል አንድ በአንድ ዘረዘረች። በማግስቱ ለውሃ ኮሚቴው በተጻፈው አቤቱታ ላይ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እሷ ነበረች።

ኮሚቴው አባባ ቫልቭን ጠርቶ ጠየቀ። ጉድጓዱ እየደረቀ ነው አሉ። ማን ነገረዎት ቢባሉ፣ የሚያውቅ ሰው አሉ። የኮረንቲን ስም አላነሱም፤ ልጅቷን በነገር ላለማስገባት ነው። ጉዳዩ እስኪጣራ ቁልፉን አስረክበው እቤታቸው እንዲቀመጡ ተወሰነ።

ኮረንቲ ይህን በዚያው ቀን ሰማች። አሁንም ግን የተከፈተው በር አልታያትም፤ የታያት መስኮቱ ነው። የኮሚቴውን ጸሐፊ አግኝታ ፓምፑን በነጻ ልይላችሁ አለችው። እሱ ውጪ ቆሞ ስልክ ሲያወራ እሷ ገብታ ኃይሉን አጠፋች፣ ካቻቪቴዋን አወጣች፣ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን አለዋወጠቻቸው፣ መልሳ አበራች። የግፊት መለኪያው ቀስት ተነስቶ ድሮ ቦታው ላይ ቆመ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ቢያንስ ውሃው ይምጣ፣ ከዚያ ሽማግሌውን ማን ይከሳቸዋል ብላ ነው።

ጸሐፊው ምን እንደነበር ጠየቃት።

«ብሎን ላልቶ ነው» አለችው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይቺኛዋ ወለምታ ግን ሌላ ሰው ነው ያነከሰችው። ማምሻውን እናቷ ፊቷ በርቶ ገባች። ሰፈሩ ሁሉ የተነጋገረውን ይዛ ነው የመጣችው፦ ሰውዬው ከወጣ ወዲያ ውሃ መጣ፤ ደርቋል ያለው ጉድጓድ ሞልቶ ተገኘ፤ ብሎኑም በራሱ አይላላም፣ ሆን ብሎ ያላላው እሱ ነው። ነገ ጠዋት ኮሚቴው ተሰብስቦ ያሰናብተዋል። «አሥራ ስምንት ዓመት ያመነውን ሰፈር» አለች እናቷ፣ ከልቧ አዝና። ኮረንቲ እጇን እየታጠበች ነበር። ውሃው ከቧንቧው በኃይል ይወርዳል፣ ክንዷ ድረስ ይረጫል። አባባ ቫልቭን ለማዳን የለዋወጠቻቸው ሁለት ሽቦዎች ዞረው መሰከሩባቸው።

በማግስቱ የኮሚቴው ክፍል ሞልቶ ነበር። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የፓምፑ ቤት ቁልፍ ብቻውን ተቀምጧል። አባባ ቫልቭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ጉድጓዱ ደርቋል ያለዎት ማን ነው፣ ብሎ ጠየቃቸው። ወለሉን አዩ እንጂ በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ አላዩም።

«እኔ ነኝ» አለች ኮረንቲ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ የገመዱን፣ የዙሩን፣ የብሎኑን። ክፍሉ አጉረመረመ። ልጅቷ እሳቸው እጅ ላይ እንዳደገች ማን የማያውቅ አለ፤ ልታድናቸው መጣች አሉ። ሊቀመንበሩ በደግነት ፈገግ ብሎ፣ ልብሽ ጥሩ ነው፣ ግን ሥራ ላይ ነን አላት። በሕይወቷ ሰው ልብሽ ጥሩ ነው ሲላት የመጀመሪያዋ ነው፤ እንዲህ የሚያም አልመሰላትም ነበር።

«ልቤ ጥሩ አይደለም» አለች። «ባልዲ ያለው ባልዲውን ይያዝ፤ ተነሱና ላሳያችሁ።»

ፓምፑ ቤት ሄዱ፤ የቻለ ገባ፣ ያልቻለ በሩን ሞላ። ባልዲ የያዘችው እናቷ ነበረች። መሞከሪያው ቧንቧ ስር አስቀመጠችውና ጮክ ብላ ቆጠረች፤ ሃያ ሳትደርስ ሞላ። ኮረንቲ ኃይሉን አጠፋች፣ ሁለቱን ሽቦዎች ሁሉም እያየ ለዋወጠች፣ አበራች። ቀስቱ ወደቀ። ከመሬት ስር የሚመጣው ድምፅ ወፍራም ሆነ። እናቷ እንደገና ቆጠረች። ሃያ አለች፣ ሠላሳ አለች፣ አርባ ላይ ድምጿ ቀነሰ፤ ሃምሳን በከንፈሯ ብቻ አለችው፤ ከዚያ ተወችው። ባልዲው ገና አልሞላም።

ኮረንቲ ሽቦዎቹን ወደ ትክክለኛው ቦታ ስትመልስ ሊቀመንበሩ ጥያቄውን ጀመረ።

«ገመዱን ማን ቀጠለው?»

«እኔ።»

«ሳያጣራ የገመዱን ጉድጓድ የደፈነውስ?»

«እኔ።»

«አለቃሽ ያውቃሉ?»

«ከዚህ ስወጣ ያውቃሉ።»

አባባ ቫልቭ በሰው መሃል አልፈው መጡና መዳፋቸውን ቧንቧው ላይ አሳረፉ።

«እንግዲያው ጆሮዬ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር አባባ።»

«ሳምንት ሙሉ» አሉ፣ ለእሷ ሳይሆን ለቧንቧው እንደሚያወሩ። «ሳምንት ሙሉ ደንቁሬያለሁ ብዬ ለሚስቴ ነግሬያት፣ ሬዲዮ ስትከፍትልኝ ድምፁን ከፍ ታደርግልኛለች። እኔም ዝም እላለሁ።»

ኮረንቲ ይቅርታ የሚለው ቃል ከነገሩ አንሶ ታያት። እንደምንም ስታወጣው የሰሙት አይመስልም። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሊቀመንበሩም ቁልፉን ሰጣቸው። ሁሉም እንዲወጣ ጠየቁ። እሷ ባልዲ ገልብጣ ትቀመጥበት ወደነበረው ጥግ አየት ስታደርግ፣ «አንቺም» አሏት፤ ሳይቆጡ።

ውጪ እናቷ ጎዶሎውን ባልዲ ይዛ ግድግዳው ስር ቆማለች። ስድብ የጠበቀችው ኮረንቲ የሰማችው ሌላ ነው።

«መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «ገብቼ ልንገራቸው?»

«አሁን ብቻቸውን ተያቸው።»

ከበሩ ጀርባ አባባ ቫልቭ ድምፁን ሊሰሙ ፓምፑን አጠፉት። ቆይቶ ተነሳ። እንደገና ጠፋ፣ እንደገና ተነሳ። ኮረንቲ ጥቂት ሰማችና ወደ ጥገና ክፍሉ መንገድ ጀመረች። የመሬት ውስጡ ገመድ አሁንም እንደተገለበጠ ነው፤ ነገ አንድ ሠራተኛ ሳያውቅ ከፍቶ ቢያቀናው የአናጢው መጋዝና የአባባ ቫልቭ ፓምፕ እንደገና ወደ ኋላ ይዞራሉ። ስለ ቅጥር ደብዳቤው ማሰብ ስትጀምር እንደ ልማዷ እርምጃዋን ልታፈጥን ነበር፤ ተወችው። ጋሼ ፒንሳን ከምሳ በፊት ካገኘቻቸው፣ የገመዱን ጉድጓድ እሷው ራሷ መልሳ ለመቆፈር ቀኑ ይበቃታል።