የያሕያ ጋቢና

“ምንም አልሆነችምኮ” አለች ሰብሊ፣ የቀይዋን መኪና አፍንጫ ዞራ ዞራ እያየች። “ጭረት እንኳ የላትም።”

“መኪናዋ አይደለችም አልንሽ” አሉ እትዬ ፈሂማ። “ሱቁ ውስጥ ቆሞ ዕቃ ሲሸጥ ነው የወደቀው። ደም ግፊት ነው አሉ። አላህ ይዘንለት።”

ሰብሊ ጎረቤት ናት፤ እዝን ይዛ ነው የመጣችው። እንደ እሷ ያላጣራ ለቀስተኛ ግን የለም። ወደዚህች ጠባብ የገርጂ ግቢ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ቀጥሎ ዓይኑን ይጠራርግና መኪናዋን ይመረምራል። ያሕያ ሞተ ሲባል ሰው ጥፋቱን በሙሉ ለእሷ ሰጥቷት ስለነበር፣ ደህና ሆና ሲያገኛት ቅር የሚለው ይመስላል። መኪናዋ ግን በሴቶቹ በኩል ከዕድሩ ድንኳን ጫፍ ሥር ዝቅ ብላ ቆማለች። ጠረጴዛ ስላነሰ የሻይ ብርጭቆዎቹ ከነትሪያቸው ኮፈኗ ላይ ተቀምጠዋል። ያሕያ ይህን ቢያይ ሁለተኛ ይሞት ነበር።

ሚስቱ ሀጀር በሩ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሰዎች ሰብር ይስጥሽ ይሏታል፤ እሷም አሚን ትላለች። ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነው። አርግዛለች። ገና ስለሆነ ለማንም አልተናገረችም፤ ለያሕያም ቢሆን። የመጀመሪያው ስለወረደባት ይህኛው ትንሽ ይጠንክርና እነግረዋለሁ ብላ ቆየች። እሱ አልቆየላትም። አባት መሆኑን ሳያውቅ መሄዱን ስታስብ ከሞቱ በላይ ይህ ያንገበግባታል።

እትዬ ፈሂማ የያሕያ አክስት ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ማንሾካሾክ ግን አይችሉበትም። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ ሲሉ ከድንኳኑ ማዶ ይሰማል።

“ወንበሩን አየሽው?” አሏት ሰብሊን። “የራሱ ያው የድሮው ነው፤ ድንጋይ። ጋቢናውን ግን ቀይሮታል። ሶፋ በይው። ሚስቱ እንደሁ በዚህች መኪና አልሄድም ካለች ቆየች። ታዲያ ለማን ነው?”

“እንጃ እትዬ። የሞተ ሰው አይታማም።”

“እኔ መች አማሁ? ጠየቅሁ እንጂ።”

ሀጀር ሰማች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባት። ላለመስማት ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሳበች፤ ጥያቄው ግን ገብቶ ተቀምጧል። እውነትስ ለማን ነው?

መኪናዋን የገዛ ዕለት ያሕያ በሩን ከፍቶ እንደ ሙሽራ ነበር ያስገባት። “ሁለት ወንበር ብቻ?” ስትለው፣ “እኔና አንቺ ስንት ነን?” አላት። ወሎ ሰፈር ካለው የመለዋወጫ ሱቁ እስከ ገርጂ በየቀኑ በእሷ ይመላለሳል። ኩርባ ላይ አትነቃነቅም እያለ ሰው ያሰለቻል። እውነት ነው፣ አትነቃነቅም ነበር፤ ግን ኩርባ ላይ የማትነቃነቅ መኪና ጉድጓድ ላይ አትራራም።

አንድ ቅዳሜ ሳሊተ ምሕረት ከሚገኘው የእህቷ ቤት ሲመለሱ በኮብልስቶን መንገድ አለፉ። ሀጀር ያን ጊዜም ነፍሰ ጡር ነበረች። እያንዳንዱ ድንጋይ ወገቧ ድረስ ተሰማት። በሳምንቱ ጽንሱ ወረደ። ሐኪሙ ይህ በመኪና የሚመጣ አይደለም ብሎ ደጋግሞ ነገራት። ጭንቅላቷ ተቀበለ፣ ገላዋ ግን እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ በሚኒባስ ሆነ መሄጃዋ። “መኪናህ ጥርሴን ታንቀጫቅጨዋለች” ብላ በቀልድ ሸፋፈነችው፤ እሱም ሳቀና ተወው። ያልጠየቀው ስላልገባው መስሏት ነበር።

ወንዶቹ ለዙህር ሶላት ወጥተው ግቢው ጭር ሲል ሀጀር ተነሣች። ወደ መኪናዋ ሄዳ የፊቱን ጎን በመዳፏ ተጫነችው። ድሮ ግድግዳ እንደ መግፋት ነበር። አሁን መኪናዋ ዝቅ አለችና ቀስ ብላ ተመለሰች። ብርጭቆዎቹ እንኳ አልተንኳኩም። ሀጀር ግራ ገባት፤ እንደገና ተጫነቻት። ሰውዬው የሚወድላትን ጠባይ ራሱ አውጥቶ ጥሎታል። ጋራዡ ሄዳ ብትጠይቅ ደስ ባላት፣ ግን ኢዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት ወራቱ እስኪያልቅ ከግቢዋ አትወጣም። መልሱ ከመጣ ራሱ መምጣት አለበት።

ራሱ መጣ። ላጲሶ ይባላል፤ ያሕያ መኪናዋን የሚያሠራበት ጋራዥ መካኒክ ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ በእጁ ፌስታል አንጠልጥሏል። “ነፍሱን ይ...” ብሎ አቋረጠና፣ “አላህ ይዘንለት” አለ።

“መኪናዋን ምን አደረጋችኋት?” አለችው ሀጀር።

ለቅሶ ቤት የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረም፤ እትዬ ፈሂማ ቀና አሉ። ላጲሶ ግን እፎይ አለ። ማጽናናት አይችልም፤ ስለ መኪና ማውራት ይችላል።

“ሞላዎቹን በለስላሳ ቀየርን፤ ንቅናቄውን የሚያረግቡትን አሞርዛተሮችም እንደዚያው። ጎማውንም ጎኑ ወፈር ባለ። በፊትኮ ሳንቲም ብትረግጥ ወገብሽ ነበር የሚያውቀው።”

“እሱ የሚወዳት እንደዚያ ስለሆነች ነበርኮ።”

“እኔስ ምን አልኩት? ካለሰለስካት ኩርባ ላይ ታጋድላለች፣ መሪዋ ይፈዛል፤ አንዱን ምረጥ አልኩት። ሁለቱንም አለ። እንዲያውም መሪዋ ከበፊቱ ይፍጠን አለኝ። ‘ያየሁትን ጉድጓድ በመሪ ላምልጠው፤ ያላየሁትን ሞላው ይዋጠው።’ እሺ ብለን በመሪዋ በኩል ያሉትን የላስቲክ ጎሚኒዎች አዲስ አደረግን፤ እንዳታጋድል ከሥር ወፍራም ብረት አሰርንላት። ከዚያ በየማታው ኮብልስቶን ላይ ይወስደኛል። ጋቢና ያስቀምጠኝና ‘ተሰማህ?’ ይለኛል። ትንሽ ተሰማኝ ካልኩ በማግስቱ እንደገና መፍታት ነው።”

“ጋቢና የሚቀመጠው አንተ ነህ?” አሉ እትዬ ፈሂማ።

“ለሙከራ ነዋ፣ እማማ። ክብደትህ ያሳስተኛል እያለ ሲነጫነጭብኝ ነበር የሚያመሸው።”

“ወንበሩንስ ለማን ብሎ ነው?”

ላጲሶ ተራ በተራ አያቸው። “ለእሷ ነዋ። ለሌላ ለማን ይሆናል?”

እትዬ ፈሂማ ሻሻቸውን ማስተካከል ያዙ። ሀጀር ግን ገና አልጨረሰችም።

“መቼ ነው የጀመራችሁት?”

“የሥራ ቱታው ነገር በመጣ ሰሞን።” ፌስታሉን ዘረጋላት። “ይኸው፣ ታጥቧል። ቤት ይዞት አይገባም ነበርና እኔ ጋ ነው የቀረው። ‘ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለህ፣ በሩ ላይ አውልቅ ተብያለሁ’ እያለ ይስቃል። ‘ባለፈውም እንዲሁ ነበር የጀመራት፤ እሷ እስክታወራ እኔ አላወራም’ አለኝ። ምን እንደጀመራት አልጠየቅሁትም።”

ሀጀር ፌስታሉን ተቀበለች። አስታወሰች። የመጀመሪያውን ስታረግዝም ሽታ ነበር ያስጠላት። ቱታውን አውልቅ ያለችው ዕለት ሳይነስ ነው ብላ ዋሽታው ነበር። ያሕያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ “ሳይነስ ክፉ ነው” አለና ጎረቤት እያየው በሩ ላይ በካናቴራ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየማታው፣ “ሳይነስሽ እንዴት ዋለ?” ይላታል። እሷም ደህና ነው ትለዋለች። ሰውዬው የሚጠይቃት ስለ ልጁ ኖሯል። ሳቅ አፈናት፤ ሳቁ ሳያልቅ ዕንባዋ ቀደመው። ከሞተ ጀምሮ እንደዚህ አላለቀሰችም። ያውቅ ነበር። አውቆ ነው የሄደው።

አልቅሳ ሲወጣላት ተነሥታ ወደ መኪናዋ ሄደች።

“አንቺ ልጅ፣ ኢዳ ላይ ነሽኮ። ወዴት ነው?”

“የትም አልሄድም፣ እትዬ። ያው ግቢ ውስጥ ናት።”

ጋቢና ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ ወገቧን ተቀበላት። ቱታውን አጠገቧ ባለው ድንጋይ ወንበር ላይ አኖረችው። ከዚያ ቀበቶውን ሳበች፤ የታችኛውን ማሰሪያ ከሆዷ ዝቅ አድርጋ ቆለፈችው።

እትዬ ፈሂማ ከፍራሹ ተነሥተው በመስታወቱ በኩል ቀበቶው የት ላይ እንዳረፈ አዩ። ገባቸው፤ ዛሬ አንድ ነገር ሳይጠይቁ ቀሩ። ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና የሻይ ትሪውን ከኮፈኑ ላይ አነሡት። ማስቀመጫ ስላልነበረ እዚያው እንደያዙት ቆሙ።