«መጣሁ» የተባለችው ጀልባ

ጀልባዋን «መጣሁ» ብሎ የሰየማት አባቴ ነው። እናቴ ከሐይቁ ዳር ቆማ ለምሳ ስትጠራው ሁልጊዜ የሚመልስላት ይህንኑ ነበር፤ ጎኗ ላይ ጽፎት ከመጮህ ተገላገለ። እሱ ሲያርፍ ጀልባዋ ለእህቴ ባል ተላለፈች። እህቴ ውሃ ላይ መቀመጥ አትወድም። እኔ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ከውሃ መራቅ የሙያዬ ሥነ ምግባር ነው። ቢሆንም መሪዋን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ጋሼ ብቻውን መውጣት አይችልም።

ጋሼ የምለው የእህቴን ባል ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሲያቦካ፣ ሲጋግር፣ ከዚያ ከመስኮቱ ኋላ ቆሞ ሰው ሲያስተናግድ ይውላል። ሐይቁ «የትናንት ነው የዛሬ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የሌለበት ብቸኛ ቦታ ነው።

የጀልባ ክበባችን አንድ ደንብ አለው፤ በዓመታዊው ውድድር ለሦስት ተከታታይ ዓመት በድምር መጨረሻ የወጣ ጀልባ ማቆሚያውን ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይለቃል፤ ራሱ ከክበቡ ጀርባ ወዳለው መጋዘን ይገባል። ከዚያ መጋዘን የወጣ ጀልባ እስካሁን አልታየም። ደንቡን ያረቀቀው አባቴ ነው፤ ያን ጊዜ ያሰበው ለሌላ ሰው ነበር። እኛ ደግሞ አምናም ካቻምናም መጨረሻ ወጥተናል።

ተራ የሚጠብቀው አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ነው። ማቆሚያ ስለሌለው ጀልባውን በመኪናው ጎትቶ ይመጣል፣ ጎትቶ ይመለሳል። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ገና ሲያየን ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? መልካም ዕድል» አለ።

«የምርህን ነው?» አለው ጋሼ።

ሐኪሙ ትንሽ አሰበ። «ግማሹን» አለ።

ቅዳሜ ሁለት ዙር ነበር። ስምንት ጀልባ ወጣን፤ በሁለቱም ዙር ስምንተኛ ሆንን። በሁለተኛው ዙር ጭራሽ ሸራችን ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። መስመሩ ላይ እኛን የምትጠብቀው ዳኛ ሹራብ ትሠራለች፤ ስንደርስ አንዱን እጅጌ ጨርሳ ነበር። «አትቸኩሉ» አለችን። «ሁለተኛው ይቀረኛል።»

በሁለቱም ዙር ከእኛ ከፍ ብላ ሰባተኛ የወጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ከልጇ ጋር ነው የምትወዳደረው። የየዙሩ ደረጃ ስለሚደመር ከመጨረሻነት ለመትረፍ እሑድ ልብስ ሰፊዋን ቢያንስ በሦስት ጀልባ መብለጥ ነበረብን። እኛ ግን እስከ ዛሬ ሦስት ጀልባ የበለጥነው ጀልባዎቹ ታስረው ቆመው ሳለ ብቻ ነው።

ማታ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን በሸራው ስናዝን ልብስ ሰፊዋ መርፌና ክሯን ይዛ ገባች።

«ዘርጉት» አለች።

ሊጥ ከሚዳመጥበት በቀር ረጅም ጠረጴዛ አልነበረም። ጋሼ የዳቦ ቆርቆሮዎቹን ወደ ግድግዳ ገፋና ሸራውን እዚያ ላይ ዘረጋነው። ባጎነበሰች ቁጥር ዱቄት ይቦንባታል፤ ቅንድቧ ነጣ።

እህቴ ሻይ እየቀዳች፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ሊቀድሙሽ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው እኮ የምትሰፊው» አለቻት።

«ሸራቸው ተቀዶ ብቀድማቸው ማን ይቆጥርልኛል?» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ሸራው ደህና ሆኖ ስቀድማቸው ነው ደስ የሚለኝ።»

«ዛሬ የተቀደምነውስ በረሃብ ነው» አለ ጋሼ ለስለስ ብሎ። «ባለቤቴ በልቼ እንዳልወጣ ከልክላኝ ነበር።»

«ክብደትህን ብዬ ነው» አለች እህቴ። «ጀልባዋ ናት ያሳዘነችኝ።»

እሑድ ፊሽካው ሲነፋ ከኋላ ሁለት ነበርን፤ እኛና የጥርስ ሐኪሙ። የሐኪሙ ገመድ ተጠላልፎበት ነው፤ የእኛ ምክንያት የለውም። ሐይቁ መሃል ስንደርስ ነፋሱ ጸጥ አለ። ሌሎቹ ስድስት ጀልባዎች እንደ ልማዳቸው በቀኙ ዳርቻ ተሰልፈው አዘገሙ። ጋሼ ከፊት ተቀምጦ ሰማዩን አየ፣ ውሃውን አየ፣ ጭራሽ ጫማውን አየ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ።

«ግራ ግባ» ሲል ሰማሁ።

አለቃ ሲያዝ አይጠየቅም፤ መሪውን ጠመዘዝኩት። «መጣሁ» ከሰው ሁሉ ተለይታ ብቻዋን ወደ ግራ ሄደች።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ጋሼ።

«ግራ እየገባሁ።»

«ማን ግባ አለህ?»

«አንተ።»

ዞሮ አየኝ። «እኔ ያልኩት ‹ግራ ገባኝ› ነው።»

«እንግዲህ አሁን ሁለታችንም ግራ ገባን» አልኩት።

ተመልሰን ብንዞር ያለችንን ትንሽ ፍጥነትም ልናጣ ነው። ስለዚህ የባሰ አታምጣ ብለን ቀጠልን። ጋሼ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ መጋዘኑን በሐሳቡ እየጠረገ ይመስል ነበር።

ነፋሱ የመጣው ከሁለቱ ኮረብታዎች መካከል ነው። መጀመሪያ ውሃው ጠቆረ፤ ከዚያ ሸራው ጥው ብሎ ተነፋና የትናንቱ ዱቄት ሁሉ እንደ ጭስ ጋሼ ላይ ወረደ። ከኋላችን ሐኪሙ ሸራችን ሲሞላ አይቶ እሱም ወደ ግራ ዞረ። ሌሎቹ በቀኙ ዳርቻ ውሃ እንደጠጣ ጨርቅ የተንጠለጠለ ሸራ ይዘው ቀሩ።

ጋሼ ከዱቄቱ ውስጥ ዓይኑን ከፈተ። «ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«ከኋላ ናቸው።»

«ምን ሆነው?»

«እየመራን ነው፣ ጋሼ።»

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ አንደኝነትን እኛ ናፍቀነው አናውቅም ነበር። ችግሩ ወዲያው ተገለጠ። ከፊታችን ሁለት በርሜሎች ይንሳፈፋሉ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ። አንዱን ዞሮ መመለስ ነው። የትኛውን? ጠዋት ዳኛዋ ስትናገር ሁለታችንም አልሰማናትም። መስማት አስፈልጎን አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሰው ጀርባ አይተን ነው የምንዞረው። አሁን የሚታይ ጀርባ የለም።

«አንድ ሰው እስኪመጣ እንጠብቅ» አለ ጋሼ።

ሸራውን አላልተን ቆምን። በውድድር እየመራ መንገድ ለመጠየቅ የቆመ ሰው ከእኛ በፊት ይኖር እንደሆነ አላውቅም።

ቀድሞ የደረሰው ሐኪሙ ነው። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር፣ የምንዞረው የትኛውን ነው?»

ሐኪሙ በርሜሎቹን አየ፤ እኛን አየ። ዳር ላይ ያለችውን መኪናውንና ከኋላዋ የተቀጠለውን ባዶ መጎተቻም አየ። ቢጫውን ቢለን ማቆሚያው የእሱ ነው።

«ቀዩን ነው፣ ጋሼ» አለ። «በቀኝዎ አድርገው ይዙሩት። ቀስ ብለው፣ ጀልባዋ ታዘነብላለች።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ጋሼ። ሐኪሙ አልፎን ሄደ።

እኛ ሸራ እስክንወጥር ድረስ ሌሎች ሁለት ጀልባዎችም ነፋሱን አግኝተው አለፉን። አራተኛ ገባን። ዳኛዋ መርፌዋ ክር ላይ እንዳለ ቀና ብላ፣ «ምን አጣደፋችሁ?» አለች። ከዚያ ሁላችንም ዞረን ልብስ ሰፊዋን ጠበቅን። ሰባተኛ ገባች፤ ልጇ ሸራውን፣ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሲደመር በአንድ ነጥብ በለጥናት።

«ሂዱ» አለችን እንደወረደች። «ደግሞ ቀዳዳ አምጡልኝ፤ ከነዱቄቱ ነው እናንተን የምሰፋችሁ።»

ክበቡ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ሲቀዳ ጋሼ ሰው ሰብስቦ ቆሞ ነበር። ቅንድቡ ገና ነጭ ነው።

«ነፋስ በዓይን ይነበባል» ይላል። «ውሃው ሲጠቁር አየሁ። ወዲያው ለአማቼ ‹ግራ ግባ› አልኩት። መጀመሪያ አንገራግሮ ነበር።»

ሰው ወደ እኔ ዞረ። ሻዬን ጠጣሁ። እህቴ ትክ ብላ አየችኝ፤ ሻዩን ደገምኩት።

የጥርስ ሐኪሙ ሲኒውን ይዞ ተጠጋና በጋሼ ጆሮ፣ «ጋሼ፣ ድምፅ ውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል» አለው።

ጋሼ ፊቱን ሳያዞር፣ «ምን ያህል ሩቅ?» አለ።

«እኔ ድረስ።»

ጋሼ በመስኮቱ በኩል ባዶውን መጎተቻ አየ፤ ከዚያ ማቆሚያው ላይ የቆመችውን «መጣሁ»ን አየ።

«ዶክተር፣ ያንተ ጀልባ ቀጭን አይደለች?»

«ቀጭን ናት።»

«ከእኛ ጎን ትገባለች?»

«ትንሽ ከተጠጋጋን።»

«እንግዲህ እንጠጋጋለና። ማን በየትኛው ቀን እንደሚወጣ የምወስነው ግን እኔ ነኝ» አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ሰዉ ተመለሰ። «ይኸው ዶክተርም አጠገቤ ነበር፤ ጠይቁት።»

ሁሉም ሐኪሙን አየው። ሐኪሙ ሲኒውን አስቀመጠ።

«ነፋስ ስለነበር ቃል በቃል አልሰማሁም» አለ። «‹ግራ› የምትለዋን ግን ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ።»