ሰባተኛው መስመር

አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ስለ ባቄላ ግን ዲግሪ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ክረምት ቢቸና ዳር ያለውን የሙከራ ማሳ አርም ነበር። አለቃዬ ተመራማሪዋ ጸደንያ ናት፤ ሃያ መስመር አዲስ ባቄላ ዘርታለች። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ሰባተኛው ላይ ነው። ቆርምድ የሚሉት በሽታ የሌላውን ቅጠል ሲያኮማትር እሱ ጋ ዝር አላለም። የእኛን ባቄላ ሁለት ዓመት የጨረሰው ቆርምድ ነው። አባቴ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ «ሰባተኛው ካለፈ ዘሩን ትሰጠኛለች። ከወደቀ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ሞጣ እሄዳለሁ» ብለዋል። ወዳጃቸው ከማሉዲን ሞጣ የእህል መጋዘን አላቸው፤ አባቴ እዚያ ጆንያ ሊሸከሙ ነው። በዚያ ወገባቸው!

«በሽታ መመለሱ ብቻ አይበቃም» አለችኝ ጸደንያ አንድ ቀን። «የሚከላከሉለት ጂኖች አሉት። ሥሩ ውስጥ ገብተው ከአየር ናይትሮጅን የሚመግቡት ባክቴሪያዎች ሲመጡ ግን ጂኖቹ ረገብ ማለት አለባቸው። ካልረገቡ ወዳጁንም እንደ ጠላት ያባርራል።»

«እንደ አክስቴ ነው በይኛ! ሽማግሌ ሲላክም ውሻ ትለቃለች።»

ሳቀች። «ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ከሠራ፣ ሲቆረጥም ውስጡ ቀላ ካለ፣ አለፈ ማለት ነው። እስከዚያ ማዳበሪያ እንዳታደርጊበት፤ አደራ!»

አደራዋን ሐምሌ ላይ በላሁት። ሰባተኛው ቢጫ መሆን ጀመረ። ከገበሬ ቤት የተወለደ ሰው ቢጫ ቅጠል አይቶ ዝም ይላል? ከቤታችን ዩሪያ በሻሼ ቋጥሬ መጣሁ፤ ጸደንያ ምሳ ስትሄድ ከሥር ከሥሩ ነሰነስኩለት። በሳምንቱ ለምለም ሆነ። ኮራሁ።

ሥሩ የሚታይ ዕለት አባቴም መጡ፤ ጋቢያቸውን አደግድገው ዳር ቆሙ። ጸደንያ ከሰባተኛው ሦስት ነቅላ ሥራቸውን አጠበች። ልሙጥ። አንድ እብጠት የለም።

«አልረገበም። ባክቴሪያውን አላስገባም» አለች። «ፀሐይነሽ፣ ከሌላው እንዳይዳቀል መስመሩን ንቀዪው።»

አንድ በአንድ ነቀልኩት። የመጨረሻውን ይዤ ነው ቃል የወጣኝ።

«እትዬ፣ ዩሪያ ሰጥቼዋለሁ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ለመስመሩ በሙሉ?»

«አንድም አላስቀረሁ።»

«ከዩሪያው ናይትሮጅን ከተረፈው እኮ ባክቴሪያ አይፈልግም! ጥፋቱ የጂኑ ይሁን የዩሪያው አሁን በምን ልወቅ?»

«ሌላ ዘር የለሽም?»

«የነበረኝ ይኼው ነው» አለች፣ እጄ ላይ ያለውን እያየች።

አባቴ ቀረብ አሉ። ይመቱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ራርተሽለት ነው» አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ላይ መሬቱን ሰጥተው ሄዱ። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሞጣ ወረድኩ። መጋዘኑ በር ላይ ከጆንያ ሥር ጎብጠው አገኘኋቸው፤ ሲያዩኝ ቀና ለማለት ታገሉ።

«ቀላል ነው» አሉኝ፤ ላባቸው በአገጫቸው እየወረደ። በአንዱ ጫፍ ልደግፍ እጄን ዘረጋሁ።

«ተዪ ልጄ፣ አንቺ አትንኪው።»

ለእኔ አዝነው ነው ያሉት። አውቃለሁ። እጄን ግን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።