በቬነሪ የተከሰሰው ቤት ከዳኝ

ዳኛው መምህር ፉልክ ብራናውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«በገለባ ቤት ከዳኙ ራኑልፍ የዘንድሮውን ዓቢይ ጾም ስድስት ዓርቦች በቬነሪ አሳልፏል።»

ቤተ ክርስቲያኑን የሞላው ሕዝብ ጉም ጉም አለ። ሚስቱ ሐዊስ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበርና የጎረቤቷን የኤሞትን ትከሻ ያዘች።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት ኤሞት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ወንድ አይደል እንዴ? የእኔውም ጨዋ የሆነው የምትፈልገው አጥቶ ነው።»

ኤሞት ነገሩ አልገባትም። ሐዊስን ያስደነገጣት ባሏ ከሌላ ሴት ጋር ዋለ መባሉ አልነበረም። ሌላ ሴት እንደሌለች ታውቃለች። ያስደነገጣት ያች ቃል ናት።

ቬነሪ ሁለት ቤት የምታድር ቃል ናት። ቀሳውስቱ ዘንድ የቬኑስ ሥራ፣ ዝሙት ማለት ናት። መኳንንቱ ዘንድ ግን አደን ናት፤ መረብ ዘርግቶ፣ ውሻ ለቅቆ አጋዘን መጣል። ሐዊስ በልጅነቷ በአንድ ባላባት ወጥ ቤት አገልግላለችና ሁለቱንም ታውቃለች። ብራናውን የጻፈው የደብሩ ጸሐፊ ሽማግሌው ኦዝበርትም ያን በመሰለ ቤት ሃያ ዓመት ጽፏል። እርሱ የጻፈው ስለ አደን ነበር። ራኑልፍን ጫካ ውስጥ የንጉሡን አጋዘን ተሸክሞ አገኘው፤ አንድ ታፋ እንዲሰጠው ጠየቀ። ራኑልፍ ደግሞ ቀልድ አይችልበትም፤ «ጾም እኮ ነው አባባ፣ ያውም ዓርብ፤ ሥጋ አይበላም» አለው። ስንተኛ ዓርቡ እንደሆነ ሲጠይቀውም ስድስተኛ መሆኑን አልደበቀም። ሽማግሌው ተቀይሞ ሄደ፣ ጻፈ፣ በሳምንቱ በንዳድ ሞተ። ምን ማለቱ እንደነበር የሚጠየቅ ሰው የለም።

ያን ቀን ሐዊስ ከቁጥቋጦው ጀርባ መረቡን እየጠቀለለች ነበር። ስድስቱንም ዓርብ አብራው ነበረች። ዝናቡ ስንዴውን ከነገለባው አበስብሶት ነበርና ለልጆቹ እንጀራ አልነበረም፤ ለራኑልፍም የሚከድንበት ገለባ ስላልተገኘ ሥራ የለም። ዓርብን የመረጡት ማንም በጾም፣ ያውም በዓርብ፣ ሥጋ ይፈልጋል ብሎ ስለማይጠረጥርና የደን ጠባቂዎቹም ስለሚዘናጉ ነበር።

የደን ጠባቂው ተርስተን አሁን እዚያው ነው። ግድግዳውን ተደግፎ እጁን አጣምሮ ይሰማል። የንጉሡን አጋዘን የገደለ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ከተማው ወህኒ ይወሰዳል። ባለፈው ዓመት ከታችኛው መንደር የተወሰዱት ሁለቱ ወንድማማቾች አልተመለሱም።

መምህር ፉልክ ስለዚህ የሚያውቀው ነገር የለም። የጳጳሱ ዳኛ ነው፤ ከመጽሐፍ በቀር ሌላ ያሳደገው አይመስልም። ብራናውን አስቀምጦ እጆቹን አቆላለፈና ፊቱ በራ።

«ቬኑስ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ?» አለ። «ሮማውያን በስሕተታቸው ዘመን ይሰግዱላት ነበር። ከባሕር አረፋ ተወለደች ይላሉ። ርግብና ጽጌረዳ የእርሷ ናቸው፤ ከማዕድንም መዳብ የእርሷ ነው፤ ቶሎ ያበራል፣ ቶሎም ይዝጋል። በንጋት የምታዩዋት አጥቢያ ኮከብ እርሷ ናት። ከሳምንቱም ቀን የእርሷ የትኛው ነው?»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ።

«ዓርብ!» አለ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ። «ጌታችን የተሰቀለበት ቀን፣ በአሕዛብ ዘንድ የቬኑስ ቀን ነበር። ይህ ሰው ቀኑን እንኳ አልሳተም። ጸሐፊው በአንድ ቃል ሁሉን ነገረን።» ወደ ራኑልፍ ዞረ። «ሴትዮዋ ማን ናት?»

ራኑልፍ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ቆሟል። «ሴት የለችም ጌታዬ።»

«በወንጌሉ ትምላለህ?»

«እምላለሁ። ከሚስቴ ሌላ ሴት አላውቅም።»

«ጥሩ። እንግዲህ ስድስቱን ዓርብ የት ነበርክ? ሟቹ ጸሐፊ ምን ሊል ፈልጎ ነው ይህን ቃል የጻፈው?»

ራኑልፍ ጆሮው ቀላ። ሐዊስ ይህን የጆሮ መቅላት ታውቀዋለች። ባሏ ዐሥራ አንድ ዓመት አብሯት ሲኖር አንድ ውሸት በወጉ መዋሸት አልሆነለትም። ግፋ ቢል ዝም ይላል፤ ዝምታው ካላዋጣው እውነቱን አፍርጦ ይገላገላል።

በዚህ መካከል ተርስተን ከግድግዳው ተላቀቀ። ግንባሩን አኮማትሯል። አንድ የሰማውን ነገር የት እንደሰማው የሚያስታውስ ሰው ፊት ነበር። እርሱም መኳንንቱን ጫካ ለጫካ ሲመራ የኖረ ሰው ነው። ሐዊስ አየችው። ያች ቃል እየመጣችለት ነው።

«ተናገር እንጂ!» አለ ዳኛው። «ዝም ካልክ ከቤተ ክርስቲያን እለይሃለሁ።»

ራኑልፍ ትንፋሽ ስቦ አፉን ከፈተ። «ጌታዬ፣ እውነቱን ለመናገር እኔ በእነዚያ ቀኖች...»

«ከእኔ ጋር ነበር!»

ሐዊስ የጮኸችው እርሷ መሆኗን ያወቀችው ሰው ሁሉ ሲዞርባት ነው። ሴቶቹን ገፍታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ ጌታዬ። ሐዊስ እባላለሁ። በእነዚያ ዓርቦች ከእኔ ጋር ነበር።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። መምህር ፉልክ ብዕሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ከገዛ ሚስቱ ጋር?»

«አዎ ጌታዬ።»

«በጾም? በዓርብ? ባልና ሚስትም ቢሆኑ በእነዚህ ቀኖች እንዲለያዩ ሕጉ እንደሚያዝ አታውቂም?»

«አውቃለሁ።»

«ስቅለትንም ጨምራችሁ?»

«የስቅለት ዕለትስ ቤታችን ነበርን ጌታዬ። እዚህም መጥተን ሰግደናል።»

«ወይ ጽድቅ!» አለ አንድ ወጠምሻ ከኋላ፣ ሕዝቡም በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ጠረጴዛውን ደጋግሞ መታ። ራኑልፍ አፉን እንደከፈተ ሚስቱን ያያል። ሐዊስ አላየችውም። ብታየው ጆሮው ሁሉን እንደሚያጋልጥ ታውቃለች።

«ወንጌሉን አምጡላት» አለ መምህር ፉልክ።

መጽሐፉ መጣ። ሳቁም ቆመ። ሐዊስ እጇን ሽፋኑ ላይ አሳረፈች፤ ቆዳው እንደ ድንጋይ ቀዘቀዛት። በወንጌል የዋሸ ነፍሱን በእጁ አሳልፎ እንደሚሰጥ ከልጅነቷ ተነግሯታል። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጠች ተናገረች።

«በእነዚያ ስድስት ዓርቦች ባሌ ራኑልፍ በቬነሪ ነበር። እኔም አብሬው ነበርኩ። ሌላ ሴት አልነበረችም።»

«እንደዚህ በራሷ አፍ የተናዘዘች ሴት አላጋጠመችኝም» አለ ዳኛው ከጎኑ ለተቀመጠው ለራሱ ጸሐፊ። «ጻፍ።»

«ጌታዬ፣ አንዴ ይፍቀዱልኝ» አለ ተርስተን። ወደፊት መጥቶ ነበር። «ይህን ሰው በጾሙ ሁለት ጊዜ ከጫካ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ከሚስቱ ጋር ለመሆን ጫካ ምን ወሰደው? ቤት የለውም?»

ሐዊስ ፊቷ ጋለ፤ ግን አንገቷን አልደፋችም። «ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ አቶ ተርስተን። አራት ልጆች አሉ፣ አሳማ አለ፣ አማቴ አሉ። አማቴ ደግሞ እንቅልፍ የላቸውም።»

«እኔን ምን አነሣሽኝ አንቺ!» ብለው አማቷ ከምሰሶው ሥር ጮኹ። «እኔ የማልተኛው ልጄ ስለሚያንኮራፋ ነው!»

በዚህ ጊዜ መምህር ፉልክ ራሱ ከንፈሩን ነከሰ። ተርስተን ግን አልሳቀም። «ጌታዬ፣ ይህች ቃል መኳንንቱ ቤት ሌላ ትርጉም አላት። አደን ማለት ናት። ኦዝበርት ይህ ሰው የንጉሡን አጋዘን ይገድላል ማለቱ ይሆናል።»

ከመንደሩ ሰው ግማሹ ከዚያ ሥጋ ቀምሷል፤ አሁን ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

መምህር ፉልክ ተርስተንን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው። ስለ ቬኑስ ያን ሁሉ ከተናገረ በኋላ አንድ የደን ጠባቂ ቃል ሊያስተምረው መነሣቱ አላስደሰተውም።

«የት ነው የተማርከው አንተ?» አለው።

«አልተማርኩም ጌታዬ። ከባላባቶቹ ሰምቼ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንብቤ ነው። ይህ የቤተ ክርስቲያን ክስ ነው፤ ቃሉም በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ይነበባል። ሴትዮዋ በወንጌል ምላ ተናዝዛለች። አጋዘን ከጎደለህ ሂድና የንጉሡ ሸንጎ ፊት ቁም፤ ምስክር ሲሉህ ግን ሙት ይዘህ መቅረብህን አስብ።»

ተርስተን ወደ ቦታው ተመለሰ። ፍርዱ ወዲያው ተነበበ፦ ሦስት እሑድ፣ ባልና ሚስቱ በባዶ እግር፣ በውስጥ ልብስ ብቻ፣ ሻማ ይዘው ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራሉ። ከዚያም በየዓርቡ የደብሩ ቄስ ቤታቸው እየመጣ ሁለቱም መኖራቸውን ያያል።

ደጅ እንደወጡ ራኑልፍ ክንዷን ያዘ። «በወንጌል ማልሽ ሐዊስ!»

«የቱ ጋ ዋሸሁ?»

ቆም ብሎ አሰበ። የተናገረችውን ቃል በቃል በልቡ ሲደግመው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ተፈታ። «በቬነሪ... አብሬው...» አለና ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን በባርኔጣው አፈነ። ወዲያው ግን ቀና ብሎ ወደ ጫካው ተመለከተ። «ቄሱ በየዓርቡ ይመጣል» አለ።

«ይመጣል።»

«ልጆቹስ ምን ይበላሉ?»

ሐዊስ ክንዱን ይዛ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

በመጀመሪያው እሑድ ብርዱ ገና ያቃጥል ነበር። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ጠበቋቸው። «እሜቴ ቬኑስ አለፉ፣ መንገድ ልቀቁ!» አለች አንዷ። «ጫካው ሞቅ ይል ነበር?» አለች ሌላዋ። ኤሞት እንኳ በሳቅ ዕንባዋን ጠረገች። ሐዊስ ሻማውን በሁለት እጇ ይዛ ሄደች። ስድቡ አልከበዳትም። የከበዳት ቀኝ እጇ ነበር፤ መጽሐፉ ላይ ያሳረፈችው። መምህር ፉልክ ከቃሏ አንዱን ፊት ብቻ ነው የሰማው። ሁለቱንም የሚሰማው አምላክ ግን ምን እንደፈረደ አልነገራትም፤ በየእርምጃው ጆሮዋን አቁማ ትጠብቅ ነበር።

ተርስተን በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ስታልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ ባላባቶቹ እንደሚሉት አድርጎ፣ «ቬነሪ» አላት።

«እንዴት ዋሉ አቶ ተርስተን» አለችው፣ ሻማዋንም ከነፋሱ ጋርዳ መዞሯን ቀጠለች።