ሰበብ ፍለጋ

አሥራት የመኪናዋን አሮጌ ዘይት አፈሰሰ፣ አዲሱን ሳይሞላ ሞተሩን አስነሣ፣ ሞተሩም ነከሰ። ነገሩ ይኸው ነው። ሰብለወንጌል ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጋራዡ ደርሳ ስትሰማ እንዲደግምላት ጠየቀችው፤ ደገመላት። አዲሱ ዘይት ክዳኑ እንኳ ሳይከፈት፣ ከነጣሳው ከጎማው አጠገብ ቆሟል።

"እና አሁን ምን ይደረጋል?"

ሞተሩ ወርዶ መፈታት እንዳለበት ነገራት። ብረቱ ከብረት ተጣብቋል፣ ዕቃው ከአስመራ ወይም ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፣ ቢፈጥን አሥራ አምስት ቀን። ይህን ሲናገር እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

አሥራ አምስት ሰዓት እንኳ ያላት አይመስላትም ነበር። ትናንት ከሥራ ልትወጣ ስትል ወንድሟ ከደሴ፣ ወደምትሠራበት የትራንዚት ቢሮ ደውሎ፣ እናታቸው ሕመሙ በጣም እንደ ጠናባት፣ ስሟን እየጠራች እንደሆነ ነግሯታል። ያኔውኑ ትነሣ ነበር። ያስቆማት ይኸው አሥራት ነው። በዚህ ባረጀ ዘይት በረሃውን አታቋርጪም፣ በጠዋት አምጪልኝ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ትወስጃለሽ አላት። አሰብ ውስጥ ሃያ ዓመት መኪና የሠራ ሰው ነው፤ አመነችው።

"ጋሽ አሥራት፣ እናቴ እየሞተች ነው" አለችው። "ይህን ያውቃሉ።"

ጎንበስ ብሎ የዘይቱን ጣሳ አነሣ፤ የት እንደሚያደርገው ግራ ገባውና መልሶ አስቀመጠው። ይቅርታ ሲጠይቃት እሷ መንገድ ጀምራለች።

በዚያ ሰዓት አሰብ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ሱቁም ቢሮውም እስከ አሥር ሰዓት አይከፈትም። ታክሲ ስላጣች በእግሯ ሄደች። ከበረሃው የሚመጣው ነፋስ አሸዋ ይዞ ፊቷን ይገርፋታል። የከባድ መኪናዎቹ ማቆሚያ ስትደርስ ልብሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሾፌሮቹን አብዛኞቹን ታውቃቸዋለች፤ የጭነት ወረቀታቸውን የምትጨርስላቸው እሷ ናት። ገሠሠን ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ተጋድሞ አገኘችው። አሥር ሰዓት ላይ ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ይነሣል። ሌላ ጊዜ ሲያያት "የወረቀት እመቤት፣ ዛሬስ ታስሪኛለሽ ወይስ ትለቂኛለሽ?" እያለ ይቀልድ ነበር። ዛሬ አልቀለደም። ተነሥቶ ቁጭ አለና ጋቢናው ሙሉ ነው አላት።

"ማን አለበት?"

"ሰው አለ።"

"እሺ፣ ከላይ ከጆንያው ጋር እሆናለሁ።"

"በዚህ ፀሐይ? ተይ እንጂ ሰብሌ። ዛሬን እረፊ፤ ነገ መላ ይገኛል።"

ዓይኗን ሸሸ። ሌሎች ሁለት ሾፌሮችን ጠየቀች። አንዱ ፍሬኑ እንደማይዝ፣ ሌላው ገና ነገ እንደሚጭን ነገራት። ሁለቱም ትሑት ነበሩ፤ አንዱ ውኃ ቀዳላት። እነዚህ ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ ተከራክረዋታል፣ ለምነዋታል፣ ዞር ስትል ሰድበዋታል። እንዲህ ለስላሳ ሆነው ግን አይታቸው አታውቅም። ውኃውን ሳትጨርስ ጣሳውን መለሰችና ወደ ጋራዡ ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ሩጫ ለመሆን ጥቂት በቀረው እርምጃ።

አሥራት እዚያው ነበር። የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ ትክ ብሎ ያያል።

"ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ዘይት መሙላት አይረሳም" አለችው። "ምን ሆነው ነው?"

"ደክሞኝ ነው…"

"አይደለም።"

አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና መሬት መሬቱን እያየ ነገራት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የቤት አከራይዋ እትዬ እታፈራሁ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ይዛ የመጣችው እሱ አሮጌውን ዘይት አፍስሶ እንደጨረሰ ነበር። ከደሴ ተደውሏል። መርዶው ነገ ንጋት ላይ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል፤ እስከዚያ እንዳትነሣ መኪናው አንድ ነገር ሆኗል ብሎ ያቆይላቸው። ብቻዋን በረሃ ውስጥ እየነዳች ኬላ ላይ ከሰው አፍ ብትሰማስ? ለሾፌሮቹም መልእክት ተልኮላቸዋል። እሱም እሺ አለ። ግን ምን ሆኗል ይበላት? በቀላሉ የምትታለል ሴት አይደለችም፤ ጆሮዋ የሚሰማው ድምፅ ያስፈልጋል። ሰበብ የሚሆን ድምፅ ለማግኘት ሞተሩን አስነሣና አዳመጠ። መኪናው ጤነኛ ነበር። ነዳጅ ረገጠ፤ ደግሞ አጥብቆ ረገጠ። አዲሱን ዘይት አለመሙላቱ ትዝ ያለው፣ ቀዩን የዘይት መብራትም ያየው ሞተሩ ጮኾ ቀጥ ካለ በኋላ ነው።

"የውሸት ብልሽት ስፈልግ የእውነቱን ሠራሁልሽ" አለ። "እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ልጄ።"

ሰብለወንጌል የመኪናውን ጣራ ያዘች። ጣራው ያቃጥል ነበር፤ እጇን አላነሣችም።

"መቼ ሞተች?"

"ንጋት ላይ። አሥራ አንድ ሰዓት።"

"ቀብሩስ?"

"ልጆቿ እስኪደርሱ ብለው ለነገ ስምንት ሰዓት አድርገውታል።"

አሰበች። ነገ ንጋት ላይ ቢነግሯት በምንም መኪና አትደርስም። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ብትነሣ፣ የቡሬ ኬላ ሳይዘጋ ብታልፍ፣ የባቲ ዳገት ላይ መኪናው ባይቆም፣ ምናልባት። ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት እንድትደርስባት ስትለምን አድራ የቀራት ይህ ምናልባት ብቻ ነው። አሥራት ሞተሩን በገዛ እጁ እንደሚሠራላት፣ ቢያስፈልግ ከራሱ መኪና እንደሚነቅል ይናገራል። ልትመታው ይሁን ልትደገፍበት፣ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመደችና ተመልሳ ወጣች።

ወደ መኪናዎቹ ማቆሚያ ተመልሳ ገሠሠን ቀሰቀሰችው።

"ሰምቻለሁ" አለችው። "ጋቢናው ውስጥ ማን አለ?"

ፊቷን አይቶ ተነሥቶ ቆመ። ነፍስ ይማር አለ።

"ማንም የለም። ግን አሥር ሰዓት ላይ ከሌለሽ አልጠብቅሽም። ኬላው ከተዘጋብን እዚያው ነው የምናድረው።"

ቤቷ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር፤ አሥራት ሰው ልኳል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ክፍሏ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስትገባ ልቅሶው ተነሣ። እታፈራሁ ደረቷን እየደቃች መጥታ አቀፈቻት፤ ሰብለወንጌል በእቅፏ ውስጥ እንደ እንጨት ቆመች። ከዚያ ንጋት ላይ የዘጋችውን ሻንጣ ከአልጋው ሥር ሳበች።

"የት ልትሄጂ ነው?" እታፈራሁ ክንዷን ያዘች። "ሳታለቅሺ? ቁጭ በይ እንጂ። በዚህ ሐዘንሽ በረሃ ለበረሃ፣ ለዚያውም ከሾፌር ጋር!"

"እትዬ፣ መንገዱ ረጅም ነው። አለቅሳለሁ።"

"እኛስ የመጣነው ለማን ነው?"

ደግ ሰዎች ነበሩ። አሥራት ሰበብ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድምፅ ቢያገኝ ኖሮ ነገ ንጋት ላይ በእነዚሁ እጆች ተይዛ ታለቅስ ነበር፣ ታመሰግናቸው ነበር፣ እናቷም ያለ እሷ ትቀበር ነበር። ይህን ብትነግራቸው ማንም አይገባውም፤ ጊዜም የላትም። አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።

ክንዷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች። ሻንጣውን አንሥታ በሴቶቹ መካከል አልፋ ወጣች፤ በባሕሩ እርጥበት ያበጠውን በር ሁለቴ ስባ ዘጋችው።