የማይነቀለው ሰዓት

«ይደመጥ» አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ ገለታ፣ ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ መትተው።

ለቅሶ ቤቱ ፀጥ አለ። አንዲት ሴት ንፍሮ የዘገነችበትን እጇን ወደ አፏ ሳታደርስ ቀረች። አቶ ገለታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያም በሟች በወይዘሮ ጌጤ ቤት ያሉት ሶኬቶች ሁለት ብቻ መሆናቸውን፣ አንደኛው የፍሪጅ፣ ሁለተኛው የሰዓት መሆኑን፣ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ የሚፈልግ ለቀስተኛ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ በተዘረጋው ገመድ በየተራ እንዲጠቀም፣ ሰዓቱን ግን ማንም እንዳይነቅል አስታወቁ።

«የቤተሰቡ ውሳኔ ነው» ብለው ተቀመጡ።

ቤተሰቡ ሁለት ሰው ነው፤ ከእናቷ ጋር የኖረችው አዲሳለምና ሩቅ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ቦና። አዲሳለም አልተጠየቀችም። ፍራሹ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ሰዓቱን ታየው ጀመር። በቀብሩ ዕለት አልጋውም፣ ሶፋውም፣ ቁም ሳጥኑም ለለቀስተኛ ቦታ ለመልቀቅ ጎረቤት ሄደዋል። ከፍሪጁ ሌላ ሰዓቱ ብቻ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል፤ ጥቁር፣ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ ቁጥሩ ቀይ። ቦና ለፋሲካ ለእናቱ ያመጣው ስጦታ ነው።

የውሳኔው መነሻ ትናንት የሆነው ነገር ነው። አዲሱ ገበያ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የምትሸጠው ጎረቤታቸው ጀዊሪያ ሰዓቱን ነቅላ ስልኳን ሰካች። ደቂቃ ሳይሞላ ቦና ከድንኳኑ እየተቻኮለ መጣ። አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ሰው መዝሙር የሚሰማ መስሎታል። ከነጫማው ፍራሹን ተረማምዶ ሰዓቱን መልሶ ሰካና፣ የእማዬ ሰዓት እንዲቆም አልፈልግም አለ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷማ እንዲህ ያለ ልጅ ይወለድ ብላ አለቀሰች። ወደ ማታ ሌላ ሰው ነቀለው። ቦና እንደገና መጣ። ሴቶቹ እንደገና ከንፈራቸውን መጠጡ።

አዲሳለም ግን ማሰብ ጀመረች። ድንኳኑ ያለው ከአጥሩ ውጭ ነው። ከዚያ ሆኖ ይህን ሶኬት ማየት የሚችል ዓይን እግዚአብሔር ለሰው አልሰጠም።

እናም አሁን፣ አቶ ገለታ እንደተቀመጡ፣ ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ ገመዱን በክርኗ ሳብ አደረገችው። ቁጥሩ ጠፋ። በሆዷ መቁጠር ጀመረች። አርባ ሁለት ላይ ቦና በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ወልቆ ነው» አለችው።

«አዎ፣ ይወልቃል» አለና መልሶ ሰካው።

ከዚያ በኋላ ከፋሲካ ወዲህ ያለው ጊዜ በሙሉ ተመልሶ መጣባት።

ሰዓቱ በመጣ በሳምንቱ እማዬ «ይሄ ነገር ያየኛል» አለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እርጅና ነው ተባለ። ልብስ ስትቀይር ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሆነ። አንድ ቀን ነጠላዋን ሰዓቱ ላይ ጣል አደረገችበት። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቦና ደወለና፣ ሰላምታውን ሲጨርስ፣ እግረ መንገዱን ይመስል፣ ሰዓቱ ላይ ልብስ እንዳይቀመጥ፣ ግሎ እሳት እንዳያስነሳ ተናገረ። አዲሳለም ያን ቀን ወንድሟ ሩቅ ሆኖ እንኳ እንዴት እንደሚያስብላቸው ለጎረቤት አወራች። ነጠላውን ያነሳችው በገዛ እጇ ነው። እማዬ አልጮኸችም። «እሺ፣ እንግዲህ ይየኝ» ብላ ዞራ ተኛች።

ነገሩ ሲብስ ጎረቤት መከረ። ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ነው መድኃኒቱ ተባለ። ምክሩ የተካሄደው እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ሰዓቱ ፊት ነው። ቦናን በስልክ ስትጠይቀው፣ ጠበል ምን ይጎዳታል፣ ውሰጃት አላት። በታኅሣሥ ብርድ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሰባት ቀን ቁስቋም ወሰደቻት። በአምስተኛው ቀን ማሳል ጀመረች፤ ከዚያ ወዲያ አልተሻላትም። ከፊት ለፊት ቤት የሚኖሩት ሴትዮ ግን መንፈሱ «ለቀቅኋት» ብሎ ሲጮህ በጆሯቸው መስማታቸውን እስከ ዛሬ ይምላሉ።

ቀትር ላይ ካህናቱ የሠልስቱን ጸሎት ድንኳኑ ውስጥ ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ወደዚያ ወጣ። ቦና ጧፍ ይዞ ከካህናቱ አጠገብ ስለቆመ ስልኩን ማየት አይችልም። አዲሳለም ጀዊሪያን በእጇ ጎትታ አስቀረቻትና የጠረጠረችውን ነገረቻት። ጀዊሪያ መስኮቱን ዘጋች፣ የስልኳን ባትሪ አበራች፣ ከሰዓቱ ፊት ለፊት ተንበርክካ ብርሃኑን ከዓይኗ አጠገብ ይዛ ቀስ እያለች አዞረችው። ከቁጥሮቹ በስተቀኝ፣ ከጥቁሩ መስታወት ኋላ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ ብልጭ አለች። ብርሃኑን ስታነሳው ጠፋች። ስትመልሰው ተመለሰች።

«አዲስዬ፣ ይሄ ካሜራ ነው» አለች። «እኔም ጋ እየመጡ ይጠይቃሉ፤ አልሸጥም እንጂ።» የስልኳን ባትሪ አጥፍታ ደግሞ፣ «አሁን አልሸጥም ማለቴ ነው» አለች።

ቦና ያስቀመጠው፣ ስለ ቤቱ ውርስ ማን እማዬን ምን እንደሚያስፈርማት ሊጠብቅ መሆን አለበት፣ አለች አዲሳለም። ጀዊሪያ ነጠላዋን ታጥቃ፣ ሄጄ ካህናቱ ፊት አዋርደዋለሁ ብላ ተነሳች። አዲሳለም የእጇን አንጓ ያዘቻት።

የያዘቻት ለወንድሟ አዝና አልነበረም። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሁሉ የሟችን አሟሟት ይጠይቃል፤ ልጅ የሆነ ይናገራል። አዲሳለም በሦስት ቀን ውስጥ አርባ ጊዜ ያህል ተናግራለች። እናቷ በዚህ ክንዷ ላይ እንዳለፈች፣ ቀና ብላ አይታ እንደመረቀቻት፣ ዓይኗን በዚህ እጇ እንደከደነችላት። በየጊዜውም ቀኝ እጇን ታሳያለች። እውነቱ ሌላ ነው። ያን ማለዳ ጄሪካን ይዛ ጠበል ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ክፍሉ ፀጥ ብሏል፤ እናቷ ቀዝቅዛለች። ውሸቱ የጀመረው የመጀመሪያዋ ጎረቤት «አልተለየሻትም አይደል?» ብላ ስትጠይቃት ነው። በቃ፣ አልተለየኋትም አለች።

ቦና ይህን ሁሉ ጊዜ ሰምቷታል። በየጊዜው ራሱን ነቅንቋል። አሁን ነው የገባት። እሷ ስለ ሰዓቱ ብትናገር፣ እሱም ሰዓቱ ያየውን ይናገራል። የእናቷ ንጹሕ አእምሮ በአንድ ወገን፣ የእሷ ስም በሌላ ወገን ሆነው ቀሩ።

«ተይው» አለቻት ጀዊሪያን።

ከሰዓት በኋላ የእናታቸው ታላቅ እህት ከሱሉልታ ደረሱ። የሚያመጣቸው ሰው አጥተው ነው የዘገዩት። ቦና ደግፎ አስገባቸው። አልቅሰው፣ ደረታቸውን መትተው፣ ሲደክማቸው ከአዲሳለም ፊት ተቀመጡና እጇን ያዙ።

«ገረመኝ እኮ» አሉ። «ፋሲካ ላይ ስመጣ ስንቱን ስታጫውተኝ ነበር። አብዳ ነበር ይሉኛል በመንገድ። እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ እህቴ እንዴት ሆና ሞተች?»

ሴቶቹ ተስተካክለው ተቀመጡ። ታሪኩን በቃላቸው ይዘውታል። አዲሳለም ቀኝ እጇን ከአክስቷ እጅ አውጥታ አነሳች። መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ቦና ይንገርዎት» አለች። «እሱ ነው ያያት። እኔ አልነበርኩም፤ ጠበል ልቀዳ ወጥቼ ነበር። እሷም አላበደችም።»

አክስታቸው ወደ ቦና ዞሩ። «አንተ እዚህ ነበርክ?»

ቦና አቶ ገለታን አየ፣ በሩን አየ። «በሰዓቱ ነው ያየኋት» አለ በመጨረሻ። «ካሜራ አለው።»

ሁለት ሌሊት እዚያ ያደሩት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። መንፈሱ ሲጮህ የሰሙት ሴትዮ ምንጣፉን ይመለከቱ ጀመር። አክስታቸው ግን ካሜራ ምን እንደሆነ አልጠየቁም።

«ምን አለች?»

«ውሃ አለች። ሁለቴ። ሰው እንደሌለ ስታውቅ ወደ ሰዓቱ ዞረች። ‹አንተ፣ ውሃ አታቀብልም?› አለችው።» ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ በጣቱ ጠቀለለው። «ስሜን አልጠራችም።»

«ስንት ደቂቃ ቆየች?» አለች አዲሳለም።

«ሃያ።»

«ለምን አልደወልክልኝም? ጀዊሪያ እዚህ ግድግዳው ማዶ ነበረች።»

«ብደውል ከየት አወቅህ ልትይኝ ነዋ።»

አቶ ገለታ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። አፋቸውን ከፈቱ። የሚያስታውቁት አጡና መልሰው ተቀመጡ።

ቦና፣ የሟች ልጅ ቦታ ያ ስለሆነ፣ ፍራሹ ላይ ከእህቱ ጎን ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዋን ነካ። አዲሳለም ቀና ብላ አላየችውም። ነጠላዋን ሰብስባ፣ እጇን ፍራሹ ላይ ተመርኩዛ፣ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለች። በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ተከፈተ።

በሩ ላይ መቀመጫ ያጡ ሦስት ለቀስተኞች ቆመው ነበር። ማንም አልገባበትም።